ሁለት የተራራ ወንዞች በበረንዳዬ ላይ

በሀዋሳ ከተማ ቀዝቃዛ ነገር የቀመሰ ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የእጄን ሥራ ቀምሷል። የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ በሉት፣ የሐይቅ ዳር ዓሣ ቤቶች በረዶ ማስቀመጫ በሉት፣ ለሠርግ የሚከራይ የለስላሳ ፍሪጅ በሉት፣ ሁሉም አንድ ቀን ታሞ በእኔ እጅ ድኗል። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም። ብኩራራስ? እውነት ነው።

ትምህርት ቤት የቆየሁት ማንበብና መጻፍ እስክችል ብቻ ነው። የቀረውን ራሴ ለራሴ አስተማርኩ። መናኸሪያ አካባቢ ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ፣ ሰው ተስፋ ቆርጦ የጣለውን ፍሪጅ እየለቀምኩ ስፈታ ስገጥም፣ ስፈታ ስገጥም፣ ጋዙ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚሞቅና የት እንደሚበርድ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። የእንግሊዝኛውን መመሪያ ከሥዕሉ ጀምሬ ወደ ጽሑፉ እየተንፏቀቅኩ አነበብኩት። በመጨረሻ ኮምፕሬሰር ሲያጉረመርም ከደጃፍ ቆሜ ሰምቼ በሽታውን የምናገር ሰው ሆንኩ። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡ ባለሙያዎች አቅቷቸው «ጋሽ ወልዴን ጥሩ» የተባለበትን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። ካላስታወሱም እኔ አስታውሳቸዋለሁ።

ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ ሱቁን ዘግቼ ታቦር፣ ከኮረብታው ሥር ካለው ቤቴ ተቀመጥኩ። ጡረታ ወጣ እንዳትሉኝ፤ ጡረታ የሚወጣው የተቀጠረ ሰው ነው። ባለቤቴ አስካለ ግን «የሚበላሽ ዕቃ ያጣ ሰው» የሚል ስም አወጣችልኝ። አልተሳሳተችም። ጠዋት የራሴን ፍሪጅ፣ ከሰዓት የጎረቤቱን እየከፈትኩ ያልታመመውን ሳክም እውል ነበር።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው የምህረት ነገር የመጣው።

ምህረት በግቢያችን ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች የአንዱ ተከራይ ናት። የሲዳማ ደጋ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ የሲዳምኛ ዜማ አለው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ባልዲ ፊቷ አስቀምጣ፣ የለቀስተኛ ፊት ይዛ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ሞቱብኝ ጋሼ። ሁሉም ሞቱ።»

ባልዲው ውስጥ ሳይ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ ሦስት ሦስት ጭራ ያላቸው ነገሮች ተንሳፍፈዋል።

«ለእነዚህ ነው የምታለቅሺው? ሀዋሳ ውስጥ ነፍሳት ጠፋ? ማታ ነይና ትንኝ በጆንያ ልስፈርልሽ።»

ሳትወድ ሳቀች። «ትንኝ አይደሉም እኮ። ሜይፍላይ ነው የሚባሉት። ክንፍ ካወጡ በኋላ እንኳን ሰው ሊነክሱ ምግብም አይበሉም፤ አፋቸው አይሠራም።»

«ታዲያ በምን ይኖራሉ?»

«አይኖሩማ! አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት። ተጋብተው፣ እንቁላላቸውን ውሃ ላይ ጥለው ያልቃሉ። ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት እጭ ሆነው ነው፤ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር።»

ዐይኗን ጠርጋ ወደ ግቢው በር ወሰደችኝና በእጇ አንዴ ወደ ምሥራቅ ወደ ሲዳማ ደጋ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ ከሐይቁ ማዶ አሳየችኝ።

«ይኼ ሁሉ በጣም ድሮ፣ ሰው ሳይኖር፣ አንድ ሰፊ መሬት ነበር። ከሥር ትኩስ ነገር ገፋውና እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ሲነፋ ደግሞ መሃሉ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ ሰመጠ። ሀዋሳ ያለችው ስንጥቁ ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ ከፍ ብሎ ቀረ፤ እሳተ ገሞራም እየተደራረበበት ተራራ ሆነ።»

«እሺ፤ የአንቺ ትሎችስ?»

«እነሱ ብርድ ይወዳሉ። ተራራው ሲያድግ ቀዝቃዛ ወንዝ አገኙ፤ መሃል ያለው ሙቀት ግን አጥር ሆነባቸው። አንድ ቀን ብቻ የሚበር ነፍሳት ይህን ሁሉ ቆላ አቋርጦ ማዶ ሄዶ ማግባት አይችልም። የዚህኛው ወገን ከዚህኛው፣ የዚያኛው ከዚያኛው ጋር ብቻ ሲጋባ፣ ሲጋባ፣ ሲጋባ…»

«ሌላ ዘር ሆኑ።»

«ሆነዋል ወይ? እሱ ነው ጥያቄዬ። ተራራ ነፍሳትን ይከፋፍላል፣ ያበዛል ይላሉ ተመራማሪዎች። እኔ በእኛ ተራሮች ላይ ማየት ፈለግኩ። ግን እጮቹ ከሁለቱም ወገን መልካቸው አንድ ነው። የሚለየው ክንፍ ያወጣው ወንድ ነው። እዚህ ሳመጣቸው ደግሞ ክንፍ ሳያወጡ በሙቀት ይሞታሉ።»

«እዚያው ወንዙ ዳር አትጠብቂያቸውም?»

«ጠበቅኩ። ከወንዙ ብዙ ዓይነት አብሮ ይወጣል፤ የትኛው ከየትኛው እጭ እንደወጣ አላውቅም። ዐይኔ ሥር መውጣት አለባቸው። ክረምቱ ከገባ ደግሞ ጎርፉ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል፤ የእኔም ጊዜ ያን ጊዜ ያበቃል። አማካሪዬ ‹ካልሆነ ርዕስ ቀይሪ፤ የሐይቁን ዓሣ መዝኚ› ብለውኛል።»

«ዓሣ መመዘን ምን ክፋት አለው?»

«የእኔ ጥያቄ አይደለማ!»

ያን ድምፅ አወቅኩት። ወጣት ሆኜ «ፍሪጅ መፍታቱን ተውና ንግድ ጀምር» ሲሉኝ የምመልስበት ድምፅ ነው።

«ስሚኝ ምህረት። የጎደለሽ ብርድ ብቻ ነው?»

«ብርድና የሚሮጥ ውሃ።»

«እንግዲያው ምንም አልጎደለሽም» አልኳት። «ብርድን የሚያዝ ሰው ፊት ነው የቆምሽው።»

መጀመሪያ ወንዙን ካላየሁ አልሠራም አልኩ። የሚታከመውን ሳላይ መድኃኒት አዝዤ አላውቅም። አስካለ «በዚህ ጉልበትህ?» አለችኝ፤ በዚህ ጉልበቴ ከምህረት ጋር በሲዳማ ደጋ ያለውን ገራምባ ተራራ ወጣሁ። እስከዚያ ቀን ተራራ ለእኔ መስኮት ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነበር። ጫማዬን አውልቄ ወንዙ ውስጥ ስገባ ብርዱ እስከ ጥርሴ ዘለቀ። ኮምፕሬሰር የለ፣ ጋዝ የለ፣ ቀን ከሌት ያለ ጥገና የሚሠራ ማቀዝቀዣ! ምህረት አንድ ድንጋይ ገልብጣ አሳየችኝ። ውሃው እያዳፋው አንድ እጭ ድንጋዩ ላይ ሙጭጭ ብሏል፤ በግራና በቀኝ ጎኑ የተደረደሩ ስስ ቅጠሎች አሉት፤ በእነሱ ነው አየር የሚስበው። ውሃው ከቆመ አየር ያጥረዋል። ገባኝ። እኔ ማየት ብቻ ነው የሚበቃኝ።

ቤት ተመልሼ ሁለት የቆርቆሮ አሸንዳ በረንዳዬ ላይ በቁልቁለት ዘረጋሁ። በየአሸንዳው የወንዝ ጠጠር ሞላሁ። ከሁለቱም ግርጌ የወንዝ ውሃ የሚሞላበት በርሜል አስቀመጥኩ፤ የድሮ የሱቅ ፍሪጄን ማቀዝቀዣ ቱቦ አውጥቼ በርሜሎቹ ውስጥ ነከርኩት። ትንንሽ ፓምፖች ውሃውን ከበርሜል ወደ ላይ እየገፉ መልሰው ያፈሱታል። አስካለ ልብስ የምታሰጣበትን በረንዳ ስለተነጠቀች ለጊዜው አኮረፈችኝ። ውሃው መሮጥ ሲጀምር ግን ወንበር አምጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

የገራምባውን እጮች አመጣን። ለማዶው ወገን ሐጂ ከድር ደረሰልን። ሐጂ መናኸሪያ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ የስልጤ ሰው ነው፤ ሱቃችን ጎን ለጎን ስለነበር ዕድሜያችንን ስንሰዳደብ ነው የኖርነው።

«ወልዴ፣ ያን ሁሉ ብረት የምትሸከመው ዝንብ ልታቀዘቅዝ ነው አሉ?»

«ዝንብ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«አማርኛ ስም የለውም።»

«አላህ ያሳይህ! ስም የሌለው ነገር ሊያቀዘቅዝ!»

ምህረት ሌላው ወንዝ ከሐይቁ ማዶ፣ በስልጤ አገር በሙጎ ተራራ ላይ እንደሆነ ስትነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ። «ከሙጎ? የሙጎ ከሆነማ መንገድ የምመራሽ እኔ ነኝ። የልጅነቴ ወንዝ ነው።» እውነቱን ነበር፤ አብሯት ሄዶ፣ ጀሪካኖቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ በሚኒባስ እግሩ ሥር አድርጎ አመጣቸው። አሸንዳው ውስጥ ስንጨምራቸው አጎንብሶ ካየ በኋላ፣

«የገራምባው ደከም ያለ ነው። የእኛን ተመልከት፤ ጡንቻ አለው» አለ።

«ሐጂ፣ አንድ ናቸው» አልኩት። «እኔ ዐይኔ አይሳሳትም። አንድ ፋብሪካ የሠራቸው ናቸው።»

«እሱን እነሱ ይናገሩ» አለች ምህረት። «ብቻ እባካችሁ እንዳይቀላቀሉ። ከዚህ በኋላ መመለሻ የለኝም፤ ላይ ዝናብ ጀምሯል።»

ቅዳሜ ጠዋት የአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ያለው የክንፍ ከረጢት ጠቆር ብሎ አገኘችው። በደስታ ዘለለች። መውጫቸው ደርሷል ማለት ነው፤ ሆኖም «ዛሬ አይወጡም» ብላ ማይክሮስኮፕና ስስ ጨርቅ ልትዋስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ወንዞቹን ለእኔ አደራ ሰጠች። «ጋሼ፣ ዐይንዎን እንዳይነቅሉ።»

«ከእኔ ዐይን ምን ያመልጣል?»

ባጃጇ ጥግ ሳትዞር መብራት ሄደ።

ፓምፖቹ ጸጥ አሉ። አሸንዳው ላይ የሚሮጠው ውሃ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠጠሩ ብቅ ብቅ አለ። ያን ዝምታ መቼም አልረሳውም። እጮቹ ጎናቸው ላይ ያለውን ቅጠል ማራገብ ጀመሩ፤ አየር እያጠራቸው ነው። ፀሐዩ ደግሞ የሀዋሳ ፀሐይ ነው።

«አስካለ! ጆግ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን?»

«ጆግ አምጪ! ያለውን ሁሉ! ተከራዮቹንም ጥሪ!»

አስካለ ጥያቄ አላበዛችም። ከበርሜል ቀድተን ከላይ ማፍሰስ ጀመርን። አንድ ጆግ ሲፈስ ሌላው መቀዳት አለበት፤ አለዚያ ወንዙ ይቆማል። ለሐጂ ደወልኩ። ከሐይቅ ዳር ዓሣ ቤቶች በረዶ ይዞ በባጃጅ ደረሰና ሊደፋው ሲል እጁን ያዝኩት።

«በጠርሙስ አድርገህ፣ ከድነህ በርሜሉ ውስጥ ጣለው! የበረዶው ውሃ ከወንዙ ውሃ እንዳይገናኝ። በቧንቧ ውሃ የተሠራ ነው፤ መድኃኒት አለው፤ ይገድላቸዋል።»

«ምነው እንደ ሕፃን ሆኑ እነዚህ?»

«የሙጎዎቹስ ጡንቻ?»

«ጠርሙስ አምጣ!» አለ።

ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ሠርግ ቤት መሰለ። አስካለ የገራምባ አለቃ ሆነች፤ ሐጂ እጅጌውን ጠቅልሎ የሙጎ አለቃ ሆነ። የተከራይ ሴቶች፣ በአጠገብ ካለው ቸርች መዝሙር ሲለማመዱ ቆይተው ጫጫታ ሰምተው የገቡ ወጣቶች፣ ጎረቤት፣ ሁሉም ጆግ ይዞ ተሰለፈ። መዘምራኑ በመዝሙሩ ምት ሲቀዱ ሐጂ «ፈጠን ያለ የላችሁም? ሙጎ ወንዝ እንዲህ አያዘግምም!» ይላቸዋል። «ገራምባ አትቋረጥም!» ብላ አስካለ ከወዲያ ትመልሳለች። እኔ መሃል ቆሜ አዛለሁ። የገራምባ ጆግ ወደ ሙጎ በርሜል ዝር እንዳይል የሁሉን እጅ እጠብቃለሁ። በዚህ መንገድ፣ አንባቢዎቼ፣ ያለ አንዲት ዋት ኤሌክትሪክ ሁለት የተራራ ወንዞች በታቦር ሙቀት ውስጥ ሲሮጡ ዋሉ።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘነብል አስካለ «ወልዴ፣ እይ! እይ!» አለች። በገራምባው አሸንዳ ላይ አንድ እጭ ከድንጋዩ ለቆ ወደ ላይ እየዋኘ ነው። ሊወጡ ነው! ምህረት አልመጣችም፤ ስልኳም አይነሳም። ክንፍ አውጥተው ቢበሩስ? በምን እንያዛቸው?

«አጎበር!» አልኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ቶሎ የሚመጣልኝ ሰው ነኝ።

አስካለ ሮጣ ገብታ ከፕላስቲኩ ያልወጣ አዲስ አጎበር አመጣች። በቀበሌ ከታደለበት ቀን ጀምሮ ለእንግዳ ብላ የደበቀችው ነው። «ለእነሱማ ምርጡ ነው የሚሆነው» አለች። ከበረንዳው ምሰሶ ምሰሶ ወጥረን ሁለቱንም አሸንዳ አለበስናቸው።

ወዲያው እጩ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ጀርባው ለሁለት ተከፈለ። ከውስጡ ሌላ ፍጡር ተመዝዞ ወጥቶ በገዛ ቆዳው ላይ እንደ ጀልባ ቆመ። ግራጫ ክንፉን ቀጥ አድርጎ ዘረጋና ብድግ ብሎ በረረ፤ አጎበሩ ላይ ዐረፈ። ጆግ የያዘው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ። አስካለ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ከዚያ መቁጠር አቃተን።

በእልልታው መሃል ምህረት ማይክሮስኮፑን አቅፋ ከባጃጅ ወረደች። በፈገግታ ነበር የገባችው። አጎበሩን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ማነው አጎበር ያለበሳቸው?»

«እኔ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ጋሼ! መድኃኒት አለው! ለወባ ትንኝ የተነከረ ነው እኮ!»

ቀና ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ያረፈው እግሩን እያንቀጠቀጠ ነው። ወደቀ። ቀጥሎ ያረፈውም ወደቀ። ለስንት ክረምት እሱ ሥር ተኝተን፣ ጠዋት ትንኙን ከሥሩ እየጠረግን፣ ለምን እንደሚረግፍ የምናውቅ ሰዎች ነን! ያን ሰዓት ግን ለሁላችንም አጎበር ቀዳዳው ትንሽ የሆነ ጨርቅ ብቻ ነበር።

«አንሱት! ወደ ላይ! ውሃውን እንዳይነካ!» ብላ ምህረት ጮኸች። በአራቱም ማዕዘን ይዘን እንደ ቃሬዛ ከፍ አድርገን ከግቢው አወጣነው። ተመልሰን ስንመጣ አዳዲስ የወጡት አንድ በአንድ እየተነሱ ወደ ጎረቤት ዛፍ ይበራሉ። ምህረት የተዋሰችው ስስ ጨርቅ አንዱን አሸንዳ እንኳ አያለብስም። እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ቆመች። «ሄዱ» አለች በቀስታ። «ወንዱም አብሮ ሄደ።»

ያን ጊዜ ሐጂ ከድር ጆጉን ለአንዱ ዘማሪ አሸከመና፣ «ስስ፣ ነጭ፣ መድኃኒት ያልነካው፣ ቀዳዳው ከመርፌ የጠበበ። አይደለም?» አላት።

«አዎ ሐጂ።»

«ስንት ሜትር?»

መልስ ሳይጠብቅ ባጃጅ ውስጥ ገባ። እስኪመለስ ጆግ አላቆምንም፤ ምህረትም በዚያች ቁራጭ ጨርቅ የገራምባውን ግርጌ ብቻ ከልላ ተንበርክካ ጠበቀች። ሲመለስ ክንዱ ላይ ያለውን ጥቅል በአንድ እጁ በተነው። አየሩ ላይ እንደ ጉም ተዘረጋ።

«ዓይነ ርግብ!» አለች አስካለ።

የሙሽራ ዓይነ ርግብ የሚሰፋበት ጨርቅ ነው። ሐጂ ከሱቁ አዲስ ጥቅል ቆርጦ አመጣ። ለሁለቱም አሸንዳ ለየብቻ አለበስናቸው። በዚያው ሰዓት መብራት መጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ፓምፖቼም ማጉረምረም ጀመሩ። ክንዳችን ዝሎ መሬት ላይ ተቀመጥን።

በገራምባው ዓይነ ርግብ ሥር የቀሩት ጥቂት ናቸው። ምህረት በማጉያ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ሴት…» አለች። «ይቺም ሴት… ይቺም…» መጨረሻ ከጥግ ያለውን አየች። ደጋግማ አየችው።

«ጥምጥም አለው» አለች።

«ምን አለው?» አለ ሐጂ።

«ወንዱ ዐይኑ ላይ እንደ ጥምጥም ከፍ ያለ ሌላ ዐይን አለው። ወንድ ነው! ወንድ ነው ጋሼ!»

ሐጂ የራሱን ጥምጥም አስተካከለ። «ድሮም የተከበረ ፍጡር መሆኑን አውቄያለሁ።»

ያን ምሽት እራቱን የበላነው በደስታ ነበር፤ ነገር ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነን። ከሙጎ አንድም አልወጣም። ደግሞም ምህረት የነገረችንን አስካለ ማመን አቃታት፦ እነዚህ ነፍሳት ክንፍ ካወጡ በኋላ እንደገና ልብስ ይለውጣሉ። ሌላ ነፍሳት ክንፍ አውጥቶ አበቃ፤ እነሱ ግን ግራጫውን አውልቀው የሚያበራውን ይለብሳሉ። ትክክለኛው ቀለም የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ጠዋት ዓይነ ርግቡ ላይ ባዶ ግራጫ ልብሶች፣ ክንፋቸው ሳይቀር፣ ተሰቅለው አገኘናቸው። አጠገባቸው እንደ መስተዋት የጠራ ክንፍ ያላቸው፣ ጭራቸው የረዘመ ፍጡራን። አስካለ አፏን ያዘች።

«ለካ ሙሽሮች ናቸው» አለች። «ያ የሠርጉ ነበር፤ ይኼ የመልሱ ልብስ ነው።»

ያን ቀን ለዚህ ነፍሳት አማርኛ ስም ወጣለት። በእኛ ግቢ «የወንዝ ሙሽራ» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣችው አስካለ መሆኗን እመሰክራለሁ፤ በረንዳው ግን የእኔ ነው።

የገራምባው ሙሽራ ጥምጥም እንደ ብርቱካን ነበር። ሙጎዎቹ ደግሞ ገራምባዎቹ በወጡበት ሰዓት ዝም ብለው አድረው፣ እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል መውጣት ጀመሩ። ሐጂ ሱቁን ዘግቶ አጠገባቸው ዋለ። «የእኛዎቹ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚያገቡት፤ የሚደብቁት ነገር የላቸውም» እያለ። ሰኞ ጠዋት ልብሳቸውን ለውጠው ምህረት ወንዱን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችው፤ ከዚያ የገራምባውን ከጎኑ። አየች፣ ተነሳች፣ መልሳ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይዩ።»

የሙጎው ጥምጥም እንደ ተቆላ ቡና የጠቆረ ነበር። አንድ ሌላም ወንድን ከወንድ የሚለይ ነገር አሳየችኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ አልጽፈውም። እሱም የተለየ ነበር።

«ሁለት ናቸው?» አልኳት።

«ገና የዘር ምርመራ ይቀረኛል። ከሌሎች ወንዞችም ማየት አለብኝ። ግን…» እንባዋ መጣ፤ የባልዲው ቀን ዓይነት እንባ አይደለም። «ሁለት ናቸው ጋሼ። ዓሣ አልመዝንም!»

እኔ «አንድ ናቸው» ብዬ ነበር። ሐጂ ይህን አልረሳም። «ኮምፕሬሰር ከደጃፍ የሚለየው ሰውዬ የት ሄደ?» አለኝ። ተሸነፍኩ። ግን ያሸነፈኝ የገዛ እጄ የሠራው ወንዝ ስለሆነ ድሉ የእኔ ነው።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ በተለይ በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ብርድን የምሠራው እኔ ይመስለኝ ነበር። አሁን በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ወደ ምሥራቅ ስመለከት መሬት ሲነፋ፣ ሲሰነጠቅ፣ አንዱ ቤተሰብ ግራና ቀኝ ሲለያይ ይታየኛል። ተራራ ድንጋይ ብቻ መሰለን እንጂ ለካ ሲያድግ ቤት ይሠራል፤ በየሸለቆው አንድ አንድ ክፍል፣ በየክፍሉ የራሱ ብርድ፣ በየብርዱ የራሱ ሙሽራ። ስንት ክፍል እንደሆነ የቆጠረ ሰው የለም። ይህን ሳላውቅ ሞቼ ቢሆን ኖሮ ብዙ አውቃለሁ እያልኩ ነበር የምሞተው። ዛሬም ብዙ አውቃለሁ እላለሁ፤ ልዩነቱ፣ ጠዋት ስነሳ ያላወቅኩት ነገር የት አለ ብዬ የምነሳ ሆኛለሁ። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይቆረጥመኝም። አስካለ ይህ ውሸት ነው ትላለች።

እንግዲህ በዚያ ወቅት የሠራሁትን ልዘርዝር፤ ሌላ ሰው እስኪዘረዝርልኝ አልጠብቅም።

ሁለት የተራራ ወንዞችን ከአንድ አሮጌ ፍሪጅ ሠራሁ።

መብራት በሌለበት ወንዞቹን በጆግ አስኬድኩ፤ መዘምራንንና ሐጂን በአንድ መስመር አሰልፌ።

አጎበር ወጠርኩ፤ አጎበር አወረድኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ምህረትን ከዓሣ ሚዛን አዳንኩ። የእኔ ስም ከጽሑፏ መጨረሻ፣ ከሚመሰገኑት ሰዎች ጋር ይገኛል፤ ከሐጂ በፊት ነው የተጻፈው።

ገራምባን ወጣሁ። ሙጎንም ወጣሁ፣ ሐጂ እየቀደመኝ መሆኑን ሳልደብቅ።

የወጣሁትም ለሽርሽር አይደለም። አሸንዳዬ ውስጥ ክንፋቸው ገና ያልደረሰ እጮች ቀርተው ነበር። ጀሪካናቸውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ የምሥራቁን ወደ ምሥራቅ፣ የምዕራቡን ወደ ምዕራብ ይዤ ሄድኩ፤ በገዛ እጄ ድንጋይ አንስቼ፣ አንዱን ከአንዱ ሳልቀላቅል፣ ሁሉንም ወደየወንዛቸው መለስኳቸው።